ልንዳው ወይስ ላስጭነው? ትራክተርን ከአዲስ አበባ ወደ እርሻው ስለ ማድረስ

ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለችው የመለዋወጫ ሱቃችን ከማጣሪያና ከኩሽኔታ ዋጋ ባልተናነሰ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ «ትራክተሩን እየነዳሁ ልሂድ ወይስ በመኪና ላስጭነው?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መጥቶ ያገለገለ ትራክተር የገዛ፣ አለዚያም ማሽኑን ለከባድ ጥገና አምጥቶ የከረመ ገበሬ ነው። ትራክተሩ መሀል ከተማ ከአንድ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ እርሻው አርሲ፣ አምቦ ወይም ሰላሌ ነው፤ ዝናቡ እየደረሰ ነው። ሰውየው የመኪና ኪራዩንና የናፍጣውን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ናፍጣው ሁልጊዜ ይረክሳል፤ ስለዚህ ይነዳል። እኔ ይህን ሚዛን አላምነውም። ለምን እንደማላምነው ባንኮኒ ላይ ቆሜ በጥድፊያ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ባለፈው ሚያዝያ ከአርሲ፣ ከኢተያ የመጡ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ወደ ሱቅ ገቡ። ባለ 75 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ከሰው ገዝተዋል፤ የናፍጣ ማጣሪያና የፍሬን ሸራ ይፈልጋሉ። የእህታቸው ልጅ አብሯቸው ነው፤ ነጂው እሱ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ልጅ ማሳ ላይ ሌሊት ሳይቀር ያርሳል። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ምን ይቸግረዋል? የምከፍለው ናፍጣ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ ጋሼ?»

«ቁርስ በልተን፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

የደረሰኝ ጀርባ ላይ አብረን አሰላነው። ከዚህ እስከ ኢተያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትራክተሩ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ነው። ከተክለ ሃይማኖት ተነሥቶ በሜክሲኮ፣ በጎተራና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲን ለማለፍ በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ዳገቱ፣ በየከተማው ያለው ግርግር፣ ጋሪውና ከብቱ ሲታሰብ አማካዩ በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ይህ ብቻ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ለምሳ፣ ጎማ ወርዶ ለማየትና ሞተሩን ለማሳረፍ አንድ ሰዓት እንጨምር። ሲደመር ወደ አሥር ሰዓት ይጠጋል። ሦስት ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ኢተያ የሚገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ነው፤ ያውም አንድም ነገር ሳይበላሽበት። ጋሼ ቁጥሩን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ብንነሣስ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ያኔ ጨለማው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ዞረ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፀሐይ መለካት ይሻላል። የአገራችን ቀን በክረምትም በበጋም ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፤ ከነጋ በኋላ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ግቢው መግባት የማይችል ትራክተር ይጫን። ሁለቱ ሰዓታት ለጎማ፣ ለተቆረጠ ቺንጋ፣ ለትራፊክ ጥያቄ ናቸው። ማንም በመንገድ የቆመ ሰው እንደሚያውቀው እነዚህ ነገሮች የሚመጡት ሲቸኩሉ ነው።

ጨለማውን ለምን ይህን ያህል እንደምፈራው ላስረዳ። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሮጣል እንበል፤ ትራክተሩ 25። ልዩነቱ 55 ነው፤ በሰከንድ ሲመነዘር 15 ሜትር። ቀን ላይ ሹፌሩ ትራክተሩን ከ150 ሜትር ቢያየው አሥር ሰከንድ አለው፤ ይበቃዋል። ማታ አንድ ጥቁር ነገር በ50 ሜትር ላይ መብራቱ ውስጥ ቢገባበት የቀረው ሦስት ሰከንድ ነው፤ ከሦስቱም አንዱ «ምንድን ነው?» በማለት ያልፋል። ሌላም ችግር አለ። ዓይን ከፊት ያለው ነገር መቅረቡን የሚያውቀው ምስሉ በሚተልቅበት ፍጥነት ነው፤ ከሩቅ ግን ምስሉ የሚተልቀው በጣም በዝግታ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ትራክተሩን አይቶትም እንኳ እንደ ማንኛውም መኪና የሚሮጥ ይመስለዋል፤ የቆመ ያህል መሆኑን የሚረዳው አጠገቡ ሲደርስ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን አጥንተው ነው ያን ብርቱካናማ፣ ዙሪያው ቀይ አንጸባራቂ የሆነ ሦስት ማዕዘን የሠሩት፤ ትርጉሙም «ከፊትህ ያለው ቀርፋፋ ነው» ማለት ነው። በብዙ አገር በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ ማሽን ጀርባው ላይ ይለጥፈዋል። እኛ ዘንድ የሚንቀሳቀሱት አብዛኞቹ ትራክተሮች ጀርባቸው ባዶ ነው። ይባስ ብሎ የኋላውን የሥራ መብራት አብርተው የሚሄዱ አሉ፤ ለማረሻ ተብሎ የተገጠመው ያ ነጭ መብራት ከኋላ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋዋል፤ እየመጣበት ነው ወይስ እየሄደለት እንደሆነም አይለይም። አስፋልት ላይ መጥፋት አለበት።

ከሒሳቡ በኋላ ማሽኑ ወደቆመበት ግቢ አብረን ሄድን። ሜክሲኮ ሳይደረስ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ጀርባ ነው። ልጁ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እኔ ከታች ሆኜ እግሩ ሥር ተመለከትኩ። በቀኝ በኩል ሁለት የፍሬን ፔዳሎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የግራውን የኋላ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው የቀኙን። ማሳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ በመዞሪያው በኩል ያለውን ብቻ ሲረግጡት ትራክተሩ ባለበት ይሾራል። አስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሄዱ አንዱን ብቻ መርገጥ ግን ማሽኑን በአንድ እግሩ አስሮ ሩጥ እንደ ማለት ነው፤ ይሾርና ይገለበጣል። ለዚህ ነው ሁለቱን ፔዳሎች የምታጋጥም መቀርቀሪያ የተሠራችው፤ የትንሽ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ ከአንዱ ፔዳል ወደ ሌላው ትገለበጥና እንደ አንድ ያደርጋቸዋለች። በዚያ ትራክተር ላይ መቀርቀሪያዋ የለችም። የተሰካችበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በደረቀ ጭቃና በግሪስ ተደፍኗል። በጥፍሬ ስፈነቅለው ጭቃው እንደ ቡሽ ተነቅሎ ወጣ። ልጁ አምስት ዓመት ሲያርስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቶ አያውቅም፤ ማሳ ላይ ስለማያስፈልገው አይፈረድበትም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በዚህ ምክንያት ዴራ አጠገብ ቦይ ገብቷል። ፍየል መንገዱን አቋረጠችበት፤ ደንግጦ ረገጠ፤ እግሩ ያረፈው ቀኙ ላይ ብቻ ነበር። በትከሻው ስብራት የተረፈው ቦዩ ጥልቅ ስላልነበረ ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬም ወደ አንድ ትራክተር ስጠጋ መጀመሪያ የማየው ያችን መቀርቀሪያ ነው። ኖራም ቢሆን አንድ ፈተና ይቀራል፤ ፔዳሎቹ ተቆልፈው፣ ደረቅ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዱ ፍሬን ሲይዙ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ሸራዎቹ እኩል አይይዙም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ትራክተር ለአንድ ኪሎ ሜትርም ቢሆን አስፋልት ላይ መውጣት የለበትም።

አርሲ ትራክተርን ቀደም ብሎ የለመደ አገር ነው። በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ጭላሎ ላይ ከተቋቋመ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አሰላ ዙሪያ በትራክተር ሲታረስ እያየ ያደገው ትውልድ አሁን አያት ሆኗል። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የተገጣጠሙት ቤላሩስ ትራክተሮችም ዛሬ ድረስ የሚያርሱ አሉ። ይህ ልምድ ግን የማሳ ልምድ ነው። አፈሩ ለነጂው ብዙ ስሕተት ይቅር ይለዋል፤ ጎማው ይንሸራተትለታል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ከኋላ የሚመጣበት የለም። አስፋልት ላይ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ።

ከሁሉ በላይ ቁልቁለት ላይ። አንድ 40 ኩንታል የሚመዝን ትራክተር አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት፤ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ የፍሬኑ ሸራ ይበላዋል። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ እግር ሥር እንዳለ ነው፣ ማሽኑ ግን አይቆምም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዳገቱን በሚወጡበት ዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ፣ በሞተር እየያዙ መውረድ ነው። በመሀል ማርሽ ለመቀየር መሞከር ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ትራክተሮች እየሄዱ ማርሽ አይቀበሉም፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ በራሱ ክብደት ይነጉዳል። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሰው ስለ ስንት ብር ብሎ ምን እንደሚያስይዝ ቢያውቅ አያደርገውም። ከኋላ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ካለ ደግሞ ተሳቢው ትራክተሩን ከጀርባው ገፍቶ ያጥፈዋል።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ አቅጣጫ ላይ ሒሳብ አያስፈልግም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የሚሻገር ትራክተር ይጫናል፤ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ያን ያህል ዳገት አለ። ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም እንደዚሁ። ጭጋግ ሲጨመርበት የጣርማ በር መንገድ ለመኪናም አይመችም። ወደ ኢተያ ያለው ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው ቁልቁለት ቀስ ያለ ነው፤ አዋሽን ተሻግሮ ከዴራ ወደ ኢተያ ሲወጣ ግን ረጅም ዳገት ይጠብቀዋል፤ ያኔ ቀኑ እየመሸ ነው።

የጎማ ነገር ብዙም አያከራክርም። የእርሻ ጎማ ጥርሱ የተሠራው አፈር ነክሶ እንዲይዝ ነው። አስፋልት ላይ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ በየዙሩ ይተጣጠፋሉ፣ ይግላሉ፣ ይበላሉ። ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ ኤ6 የሚል ካለ በሰዓት እስከ 30፣ ኤ8 ከሆነ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ማሳ ላይ አየሩ ቀንሶ የነበረ ጎማ ለመንገድ መሞላት አለበት። በየሰዓቱ ቆሞ እጅን ጎማው ላይ ማሳረፍ ደህና መለኪያ ነው፤ መዳፍ የማያስቀምጥ ከሆነ ይረፍ። ባለ አራት ጎማ ኃይል ትራክተር ከሆነ የፊቱ ኃይል መንቀል አለበት፤ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ጥቂት በመቶ ፈጠን ብለው እንዲዞሩ ተደርገው ስለሚሠሩ ልዩነቱን አፈር ይቅር ይላል፤ አስፋልት ግን ጎማውንና ጥርሳ ጥርሱን ያስከፍላል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድደው የዲፈረንሲያሉ መቆለፊያም እንዲሁ ይለቀቅ፤ ተቆልፎ ከቀረ ማሽኑ አልታጠፍ ይላል።

ማረሻውን ከኋላ አንጠልጥሎ መሄድ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ዲስክ ማረሻ ከኋላ ሲከብድ የፊቱ ይቀላል፤ መሪው ይዞራል፣ ማሽኑ ግን አይታዘዝም። በደንቡ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት። በዚያ ላይ ዲስኩ የኋላ መብራቱን ይሸፍናል፤ ስለቱም ከእግረኛ ደረት ጋር እኩል ነው። ትራክተሩ ቢነዳ እንኳ ማረሻው ለብቻው በመኪና ይሂድ።

አሁን ወደ መጫኑ እንምጣ፤ መጫን ሲባል ችግሩ ሁሉ ያለቀ የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ጋሼም «እሺ፣ ይጫን» ባሉ ማግስት አንድ ደላላ ኤፍኤስአር የሚባለውን የአይሱዙ ጭነት መኪና ይዞላቸው መጣ። ሹፌሩ ትራክተሩን ዞር ብሎ አይቶ «40 ኩንታል ነው፤ እኔ ከ50 በላይ ስንዴ እጭናለሁ» አለ። በክብደቱ እውነቱን ነው፤ በአቀማመጡ ግን አይደለም። ስንዴ በመኪናው ወለል ላይ ሁሉ ተዘርግቶ ይተኛል። ትራክተር በአራት ነጥብ ይቆማል፤ ከክብደቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ያረጀ የጣውላ ወለል ሲሆን ጎማው ሰንጥቆት ይገባል። ከሥር ወፍራም ጣውላ በርዝመቱ ካልተነጠፈ፣ ወይም ወለሉ ላሜራ ካልሆነ፣ መጫን የለበትም። የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ውኃ የተሞላ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ከ200 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በሁለቱ ሹፌሩ ያልቆጠረው አራት ኩንታል ተጨመረ ማለት ነው። ስንዴው ሌላም ደግነት አለው፤ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የትራክተሩ ክብደት ማዕከል ግን ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ መኪናው መታጠፊያ ላይ የለመደውን ፍጥነት ከያዘ ይወድቃል። ሎቤድ ከተገኘ ወለሉ ዝቅ ስለሚል ይህ ሁሉ ይቀላል። ኪራዩ የሚወደደው ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለት የአንድ አካባቢ ገበሬዎች ሁለት ትራክተር ቢያስጭኑበት ነገሩ ይለወጣል። አንድ ቀን ተጠባብቆ ጎረቤት መፈለግ ይህን ያህል አያሳፍርም።

አዲስ አበባ መሀል ላይ ለዚህ ነገር የሚጠቅም አንድ ትልቅ ዕድል አለ፤ መርካቶ እህል በረንዳ። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጎጃም ስንዴና ጤፍ ጭነው የሚገቡ መኪኖች እህሉን አራግፈው ብዙ ጊዜ ባዶአቸውን ነው የሚመለሱት። የመልስ መኪና ባለቤት ናፍጣውን ከሸፈንክለት ደስ ይለዋል። ጋሼ በደላላው ዋጋ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ እዚያ ሄደው የአሰላ መኪና አገኙ፤ ላሜራ ወለል ያለው። ከባድ መኪና ቀን ቀን ወደ መሀል ከተማ የማይገባበት ሰዓት ስላለ መጫኛውን ከዚያ ጋር አስማምቶ መቀጠር ነው። ሽቦም አይረሳ። ባለ ጋቢና ትራክተር መኪና ላይ ሲወጣ ቁመቱ ከመሬት አራት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በቆዩት ሰፈሮች የተንጠለጠለው የመብራትና የስልክ ሽቦ ደግሞ የትም አለ። የተጫነበት መኪና ሌላም ብልጫ አለው፤ በፍጥነት መንገዱ እስከ አዳማ ይሄዳል፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ማሽን ግን የሚገባበት መንገድ አይደለም።

ሲጫን ሰው የሚሞተው መወጣጫው ላይ ነው። ትራክተር ከኋላው ከባድ፣ ከፊቱ ቀላል ነው፤ በቀጭን ጣውላ ላይ ፊቱን አስቀድሞ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ አፍንጫው ተነሥቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህም ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ጊዜ ሳያገኝ ያልቃል። መወጣጫው ዳገታማ ከሆነ፣ በኋላ ማርሽ፣ ጀርባውን አስቀድሞ ይውጣ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጣውላ አለመጠቀም ነው፤ መኪናውን ከወለሉ ጋር እኩል ከሆነ የአፈር ጉብታ ጋር አስጠግቶ ትራክተሩን በቀጥታ ማስገባት። አዲስ አበባ ዳገታማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም። ነጂው ብቻውን ይሁን፤ ረዳትም ዘመድም ጭቃ መከላከያው ላይ አይቀመጥ። ከገባ በኋላ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ፣ በየጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግለታል። ከዚያ በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ አክሱሉንና መጎተቻውን ይያዝ እንጂ የመሪ ዘንግ ላይ አይታሰር፤ ዘንጉ ይጎብጣል። ገመድ አይበቃም። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ጎማው እየረገበ ሰንሰለቱን ያላላዋልና።

አንድ ትንሽ ነገር፤ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ትራክተር ሲጫን ወደ ላይ የቆመውን የጭስ ማውጫ አፍ በጣሳ ወይም በወፍራም ላስቲክ መድፈን ነው። ነፋሱ በጭስ ማውጫው ገብቶ ቱርቦውን ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ስለጠፋ ደግሞ ዘይት አይደርሰውም፤ ስለዚህ በደረቁ ይፈጋል። ከጉዞ በኋላ ቱርቦው የሚያፏጭባቸው ሰዎች ማሽኑ ሳይሠራ እንዴት እንደተበላሸ ግራ ይገባቸዋል።

አሁን ወጪውን በትክክል እናስላው። የሚነዳ ትራክተር ናፍጣው ብቻ አይደለም ወጪው። እንደ ጋሼ ያለው ማሽን መንገድ ላይ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ሊትር ቢፈጅ ለዘጠኝ ሰዓት 80 ሊትር ገደማ ነው። የነጂው አበልና የአንድ ሌሊት ማደሪያ አለ። ሊያስከትል የሚችለው የጎማ መበላት አለ፤ የኋላ ጎማ የገዛ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ከዚያም በእርሻ ወቅት የአንድ ቀን ሥራ ይታለፋል፤ ያ ትራክተር በቀን ስንት ሄክታር አርሶ ስንት ያስገባ እንደነበር ባለቤቱ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። አዲስ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ፍጥነቱና ሸክሙ እየተለዋወጠ መለማመድ አለበት፤ ባዶውን፣ በአንድ ፍጥነት፣ ቀኑን ሙሉ መንዳት ለፒስተን ቀለበቶቹ ጥሩ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የመልስ መኪና ኪራይ ብዙ ጊዜ አይበልጥም።

ወረቀቱንም አይናቁ። የሚነዳው ልጅ የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጥሩ አራሽ መሆኑ አይበቃም። ሰሌዳ፣ ሊብሬና በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖር አለበት። ሲጫን ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ትራክተሩን ራሱን እንደማይሸፍን ማወቅ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ የሚከፈለው ለተጎዳ ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት እንጂ ለተጫነው ማሽን አይደለም። ለአንድ ጉዞ የሚገባ የዕቃ መድን አለ፤ ከመጫን በፊት ይጠየቅ። በሊዝ የተገዛ ማሽን ከሆነ ዕዳው እስኪያልቅ ባለቤቱ አከራዩ ስለሆነ እንዴት እንደሚጓጓዝ አስቀድሞ ይነገረው።

ንዱ የምልባቸው ጊዜያትም አሉ። ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰንዳፋ፣ ቢሾፍቱ ድረስ ከሆነ፣ ማሽኑ ጤነኛ፣ መቀርቀሪያው በቦታው፣ መብራቱ የሚሠራ፣ ነጂው ፈቃድ ያለው ከሆነ መንዳት ምክንያታዊ ነው። ወደ ሱሉልታ ሲወጡ የእንጦጦ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ማርሽ ዝቅ አድርጎ መውጣት ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ እሑድ ጎህ ሲቀድ መነሣትን የሚያህል የለም። ከተማዋ ሳትነቃ ቃሊቲን ወይም አዲሱ ገበያን ያለፈ ሰው ግማሹን ጣጣ ተገላገለ። ከኋላ አንድ ዘመድ በመኪና ሆኖ የአደጋ ማመልከቻ መብራቱን እያበራ ቢከተል ደግሞ የተሻለ ነው። ከኋላ አምስት ስድስት መኪና ሲሰለፍ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ወጣ ብሎ ማሳለፍ ይገባል፤ ተሰላችቶ ኩርባ ላይ ለመቅደም የሚሞክር ሹፌር ከትራክተሩ ይልቅ ፊት ለፊት የሚመጣውን ቤተሰብ ነው የሚገድለው።

ጋሼ የጫኑት ቅዳሜ ሌሊት ነው። መቀርቀሪያዋን ከአሮጌ ፔዳል ነቅለን ገጠምንላቸው፤ ባይነዳም ከማሳው እስከ ኢተያ ገበያ አስፋልት መውጣቱ ስለማይቀር። እሑድ ረፋድ ላይ ስልክ ደወሉ። በሰላም ደርሰዋል፤ ግን ቆመዋል። እዚህ ጉብታ ፈልገን ስንጭን እዚያ በምን እንደሚያወርዱ ማናችንም አላሰብንም ነበር፤ የጋሼ ማሳ ደግሞ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ደላላ ረጅም ጣውላ ሊያከራያቸው ይከራከራል። «ተዉት ጋሼ» አልኳቸው። «የመኪናው የኋላ ጎማዎች የሚገቡበት ሁለት ጉድጓድ ከፊቱ እየተንሸራተተ እንዲወርድ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ መኪናው ጀርባውን አስቀድሞ ይግባበት፤ ወለሉ ዝቅ ሲል የወጣውን አፈር ከጀርባው ከምራችሁ ረግጡት።» አራት ጎረምሶች በአካፋና በዶማ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆፈሩ። ከቀትር በኋላ እንደገና ሲደውሉ ከድምፃቸው በስተጀርባ ሞተሩ ይሰማል፤ ልጁ ከመኪናው አውርዶት በዝቅተኛ ማርሽ ወደ ግቢው እየነዳው ነበር።